መስኮቱ አይዘጋም

መስከረም 22

እታለም፣

የአውቶቡሱ ሹፌር ደብዳቤሽንና ካልሲዎቹን አድርሶኛል። ካልሲዎቹ ልኬ ናቸው፤ ደብዳቤው ግን ትንሽ ጠበበኝ። "በስልክ ‘ደህና ነኝ’ ትልና ትዘጋዋለህ፤ በወረቀት ስትዋሽ ግን የእጅ ጽሑፍህ ያሳብቅብሃል" ብለሻል። እሺ፣ በወረቀት ይሁን። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና መመርመር መብትሽ ነው።

ለጥያቄሽ መልሱ "አልያዝኩም" ነው። ዱላ አልያዝኩም፣ ወደፊትም አልይዝም። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር ጡረታ ሲወጡ ሁለት አርጩሜ መሳቢያው ውስጥ ትተውልኝ ሄደዋል። ሁለቱንም ለዘበኛው ሰጠሁት፤ አጥር ጠገነባቸው። ልጆቹ ይህን ባዩ ማግስት እኔን ማየት ተዉ።

አራተኛ ክፍል ነው የደረሰኝ፤ ልጆቹ ስድሳ ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው። አንድ በር ከፊት፣ አንድ መስኮት ከኋላ። መስኮቱ የሚያየው በእኛ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ነው፤ የውሃ ታንከሩ በድንጋይ ካብ ላይ የተቀመጠው እዚያ ነው። እኔ ስናገር አብረውኝ ይናገራሉ። ወደ ሰሌዳው ስዞር ከኋላዬ ሌላ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ትናንት አንዷ፣ ልጆቹ ፌንጣ የሚሏት፣ ከዴስክ ዴስክ እየዘለለች ከመጨረሻው ረድፍ እኔ ፊት ድረስ መሬት ሳትነካ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ብላት "እርሳሴ ወድቆብኝ" አለች። እርሳሷ በእጇ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ተሸበረ።

አንቺ የምትመሪውን የአጥንት ክፍል አስታወስኩ። ያን ሁሉ በሽተኛ፣ ያን ሁሉ ጠያቂ ድምፅሽን ሳታነሺ ቀጥ አድርገሽ ስትይዢው በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ነው የምትችይው? ባልጠይቅሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ድምፄ ተዘግቶ በሹክሹክታ ማስተማር ጀምሬአለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 3

ማሙሽ፣

"መምህር" እንድልህ ከፈለግህ መጀመሪያ ክፍልህን ጸጥ አድርግና ጻፍልኝ።

ጉልበቴን ባትጠይቀኝም፣ ያው ነው። ደረጃ ስወጣ እሱም አብሮኝ ይናገራል፣ እንደ ልጆችህ። ለድምፅህ ሞቅ ያለ ውሃ በጨው እስከ ጉሮሮህ ተጉመጥመጥበት፤ አትዋጠው።

አሁን ስማኝ። ሳቅህ መምጣቱ ጥፋት አይደለም፤ ማሳየትህ ነው። እኔ ወድጄ አይደለም ሰው ላይ የምጨክነው። የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አጎትም ቢሆን ይወጣል። አንድ ቀን ለአንዱ ሕጉን ካላላሁለት በማግስቱ ክፍሉ ገበያ ነው፤ ገበያ ሲሆን ደግሞ መርፌ ይረሳል፣ ቁስል ይረሳል፣ ሰው ይሞታል። ሥርዓት ሰው ያድናል፤ ይህን በዚህ ዕድሜዬ ከፀሎቴ በላይ አምነዋለሁ።

ሕግህ ጥቂት ይሁን። አንተ አታውጣው፤ እነሱው ያውጡት። ሰው የራሱን ሕግ ሲጥስ ያፍራል፣ የሌላውን ሲጥስ ግን ይኮራል። ቅጣቱንም እነሱው ይወስኑ። ከዚያ በኋላ ግን ንቅንቅ የለም፤ ሕግ አንዴ ከላላ ዳግመኛ አይጠብቅም።

የምትበላውን አልጻፍክም። አውቄ ነው የማልጠይቅህ፣ እንዳትዋሽ ብዬ።

እህትህ

*

ጥቅምት 24

እታለም፣

መምህር በይኝ።

ልጆቹን ሰብስቤ ሕግ አውጡ አልኳቸው። ሦስት አወጡ፤ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ጠመኔ ሲነሳ ዝም ይባላል፤ ማንም ሳይፈቀድለት ከዴስኩ አይነሳም። ይኼ ቀላል ነበር። ቅጣት ምን ይሁን ስላቸው ግን እነዚያ የማውቃቸው ሕፃናት ዳኛ ሆኑብኝ። "ይገረፍ" አለ አንዱ። "ፀሐይ ላይ ይንበርከክ" አለ ሌላው። አንዷማ "ወንድሙም አብሮ ይቀጣ" አለች። የአምስተኛ ክፍሉ መምህር በበሩ ሲያልፍ ሰምቶ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ብሎ ሳቀብኝ።

በመጨረሻ ከፊት ረድፍ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "የለም እንበለው" አለች። ማለቷ፣ ያጠፋ ልጅ ሦስት ቀን እንደሌለ ይቆጠር። ስሙ አይጠራ፣ ማንም አያናግረው፣ ቢናገርም ማንም አይመልስለት። ፌንጣ ከኋላ ቆማ "መምህርም ጭምር ካልሆነ ሕግ አይደለም" አለች። ሁሉም አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ዱላ የለው፣ ስድብ የለው።

አሁን ክፍሌ ስትገቢ የጠመኔው ድምፅ ይሰማሻል። ዳይሬክተሩ ሌሎቹን መምህራን ይዞ መጥቶ አሳያቸው። የአምስተኛ ክፍሉ መምህር አሁን አይስቅም።

አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ይበላኛል። ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው ፌንጣን ነው፤ መቀመጥ አትችልማ። ዛሬ ጠዋት ስም ስጠራ የእሷን ዘለልኩት። ወዲያው ተነስታ ፊቴ መጥታ ቆመችና ቀና ብላ እያየችኝ "መምህር፣ አለሁ እኮ" አለች። በጭንቅላቷ ላይ አሻግሬ የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። ልጆቹ በኩራት አዩኝ። ከሰዓት በኋላ ግን እንጀራ ፍለጋ እንደመጣ እንግዳ በሩ ጥግ ቆማ ስትመለከተን አንጀቴን በላችው። ልማራት ወይ? አንቺ ብትሆኚ ትምሪያታለሽ?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 2

መምህር፣

ይኸው አልኩህ። እንኳን ደስ ያለህ። ደብዳቤህን ለተረኞቹ ነርሶች አነበብኩላቸው፤ አንዷ ሕጉን ለባሏ ልትሞክረው ነው።

ልማራት ወይ ላልከው፣ አትማራት። ይህቺ ልጅ የምትፈትነው አንተን ነው። እዚህም አለ እንዲህ ያለ። ደወሉን ይጫናል፣ ሮጬ እደርሳለሁ፣ "ሰዓት ስንት ሆነ?" ይለኛል። ሦስት ጊዜ ከሮጥኩለት ሌላው በሽተኛ ሲያጣጥር አልደርስም። ስለዚህ ያቺ ልጅ ትጠራሃለች፣ ትዘፍናለች፣ ምናልባትም ታለቅሳለች። አንተ አትዙር። አንዴ ከዞርክ ሕጉ ሞተ፣ ሌሎቹም በእንባ መግዛት ይለምዳሉ።

እንዲህ ስልህ ጨካኝ አትበለኝ። አንተም በልጅነትህ እንዲሁ ነበርክ፤ ማንኪያ ትወረውርና ታለቅስ ነበር። ባልዞርኩልህ ጊዜ ነው መወርወር የተውከው።

እህትህ

*

ኅዳር 11

እታለም፣

ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌር አንዲት ልጅና አባቷን ይዞ ነው የሚመጣው። አባትየው ግንበኛ ነው። ልጅቷ ፌንጣ ናት። ከታንከሩ ካብ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ የጤና ጣቢያው ሐኪም ወደ እናንተ ሆስፒታል ላካቸው። እናቷ አራስ ስለሆነች አልመጣችም።

እባክሽ አንቺ ክፍል እንድትተኛ አድርጊ። አባቷ ከተማውን አያውቀውም፤ የሚያድርበት ፈልጊለት። የቀረውን በሌላ ቀን እጽፋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 15

ማሙሽ፣

ልጅቷ ደርሳለች። እግሯ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ሐኪሙ ትናንት አስተካክሎ ጀሶ አድርጎላታል። አባቷ እኔ ቤት ሳሎን ያድራል፤ የተንሻፈፈ በሬን ሳልጠይቀው ጠግኖልኛል። አንተን ሲያመሰግን አይጠግብም፤ "መምህሩ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አቅፎ አደረሳት" ይላል።

ደግሞ ስለ እሷ የጻፍክልኝ ሁሉ ውሸት ነው። ይህን የመሰለ ጨዋ በሽተኛ ዘንድሮ አልገጠመኝም። ደወሉን አጠገቧ አድርጌላታለሁ፣ አንድ ቀን አልነካችውም። ተማሪ ነርሶቹን ወስጄ "በሽተኛ ማለት እንዲህ ነው" ብዬ አሳየኋቸው።

ያልገባኝ ነገር አለ። የወደቀችው በጠዋቱ እረፍት ነው ይላል አባቷ። ያገኛት ደግሞ ዘበኛው ነው፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ። ታንከሩ ያለው ደግሞ ከክፍልህ መስኮት ሥር እንደሆነ አንተው ጽፈህልኛል። ያን ሁሉ ሰዓት ይህቺ ልጅ አልጮኸችም? "እኔ ደህና ነኝ" ያልከውን ደግሞ አላመንኩህም፤ ‘ደህና’ የሚለው ቃል ላይ ብዕርህ ወረቀቱን ቀዶታል።

እህትህ

*

ኅዳር 21

እታለም፣

ለዘገየሁበት ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄአለሁ።

ጮኻለች።

ያን ቀን ቅጣት ላይ ነበረች፤ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በእረፍት ማንም አላጫወታትም፣ ሕጉ ነውና። ብቻዋን ከኋላ ዞራ ካቡ ላይ ወጣች፤ አንሸራትቷት በካቡና በግድግዳው መካከል ወደቀች። ደወል ተደወለ፣ ገባን። ቦታዋ ባዶ ነበር፤ ግን በቅጣት ላይ ያለ ልጅ ብትኖርም አትቆጠርም፣ ባትኖርም አትቆጠርም። ስሟን አልጠራሁም። ማንም "ፌንጣ የለችም" አላለኝም። የለችም ብለን የወሰንነው እኛው ነንና።

የኋላ ረድፎቹ ስትጣራ ሰምተዋል። በስማቸው ነው የጠራቻቸው፣ እያንዳንዳቸውን። በማግስቱ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ አንዱም አልዋሸኝም። "ሰምተናል መምህር፤ ግን ቀኗ አላለቀም" አሉኝ። አንዱ ልጅ ጆሮውን በእጁ ይዞ እንደነበር ነገረኝ፣ እንዳያሳዝነው ብሎ። ይህን ሲነግረኝ እንዳመሰግነው የጠበቀ ይመስል ነበር።

አሁን ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ከድሮውም የበለጠ። ጥያቄ ስጠይቅ እጅ የሚያወጣ የለም። በእረፍትም አይሮጡም። ዳይሬክተሩ ይህን አይቶ "ትምህርት ወሰዱ" አለኝ።

አንቺን መውቀሴ አይደለም፤ ግን "አትዙር" ብለሽኝ ነበር። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር ያን ቀን።

ልጅቷ ምን ትላለች? ስለ እኔ አንድ ነገር ብላ ይሆን?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 28

ወንድሜ፣

ዛሬ ማሙሽ አልልህም።

"አትዙር ብለሽኝ ነበር" የሚለው ቃልህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ የጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት። ልክ ነህ፣ ብያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔማ በቀለም የተጻፈ ነው። ፊቷን ሳላያት ስለ አንዲት ልጅ ፈረድኩ፣ ከዚያ ልጅቷን ራሷን አመጣህልኝ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ጨዋ በሽተኛ ብዬ በጻፍኩልህ ማግስት ጠዋት ዙር ስንወጣ አንሶላውን ገለጥኩት። የእግሯ ጣቶች ጠቁረዋል። ጀሶው ውስጥ እግሯ አብጦ ደሟን ቆልፎታል። እንዲህ ያለው ሕመም ትልቅ ወንድ ያስጮኻል። እሷ ግን ትራሷን ነክሳ ተኝታለች፤ ደወሉ እጇ አጠገብ ነው። ወዲያው ጀሶውን ቀደድነው። ሐኪሙ ጥቂት ብንዘገይ ኖሮ እግሯን ከታች እናጣው ነበር አለ። አባቷ ደጅ ቆሞ አዲሱን ጀሶ ስናዘጋጅ አይቶ "የግንበኛ ሥራ ነው እኮ የምትሠሩት" ብሎ ይቀልዳል። የሆነውን አልነገርኩትም። እኔም ደበቅኩት፤ ከማን ቤት ወጣህና።

ለምን አልጠራሽኝም አልኳት። "ቀኔ አላለቀም" አለችኝ። አንድ ቀን ይቀረኛል ብላ ሆስፒታል ውስጥ ትቆጥራለች። ሆስፒታል የሚያድሩት ቀኖች ይቆጠሩ አይቆጠሩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ እኮ ለተማሪዎቼ አሳየኋት፤ በሽተኛ ማለት እንዲህ ነው ብዬ።

አሁን እግሯ ሞቅ ብሏል፣ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። ግን እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልጠራችንም። ሽንቷ ሲመጣ እንኳ አልጋዋ ላይ ያመልጣታል እንጂ አትጠራም። እግሯ ይድናል፤ ይሄኛው ግን በጀሶ የሚድን አይደለም። ሰው ሳይጠራ አያድግም። አንድ ቀን ትታመማለች፣ አንድ ቀን ትወልዳለች፣ አንድ ቀን እሳት ይነሳል፤ ያን ጊዜ ትራሷን ነክሳ ትቀመጣለች።

ስለ አንተ ለጠየቅከኝ። አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ "ጠራሁ፣ ጠራሁ፤ ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ" አለች። ማን ዘጋው አላልኳትም። አንተንም አልጠይቅህም። ግን ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። የኋላ ረድፉ አለ፣ ጆሮውን የያዘው ልጅ አለ፣ ዘበኛው አለ፣ እኔም አለሁ። አንተ ብቻ የለህም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 6

እታለም፣

እኔ ነኝ።

ከእረፍት በኋላ ሰሌዳው ላይ ማካፈል እየጻፍኩ ነበር። ድምፅዋን ሰማሁ። የሌላ ልጅ መስሎኝ ነበር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አውቄዋለሁ። ከአንድ ቀን በፊት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ እንደ ድመት እየጮኸች ክፍሉን ሁሉ አስቃብኝ ነበር። ያንኑ መሰለኝ። ልጆቹ ወደ እኔ አዩ፤ ምን እንደማደርግ ሊያዩ። በመካከላቸው አልፌ ሄድኩና መስኮቱን ዘጋሁት። ወደ ታች አላየሁም። ማየት ማለት መዞር ነውና። ስመለስ የኋላ ረድፉ ልጆች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ደስ አለኝ።

መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም ድምፁ ይሰማ ነበር፣ ቀነሰ እንጂ። ቀስ እያለ ጠፋ። "ሰለቻት" አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቼ "ሰምታችኋል ወይ?" ብዬ መረመርኩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት እኔን ነው። አንዳቸውም "እርስዎስ?" አላሉኝም። አይተውኛል እኮ፤ ሁሉም አይተውኛል። እኔን ላለማጋለጥ ጥፋቱን ለብቻቸው ወሰዱት።

አባትየው ለአራሷ ልብስ ሊያደርስ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ቤቴ መጣ። ከአልጋዬ በላይ ያለውን የግድግዳ ስንጥቅ አየና ሳይነግረኝ ሄዶ የተረፈ ሲሚንቶ ይዞ ተመለሰ። ቆሜ አሸዋ አቀበልኩት። ሲጨርስ እጁን ታጠበና "ልጄን እንደ ልጅዎ አቅፈው አደረሱልኝ፤ ሌላ የምከፍልበት የለኝም" አለ። አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ "እግዜር ይስጥልን" ብቻ ነው። ተኝቼ ቀና ስል የደፈነው ስንጥቅ ይታየኛል።

ሥራውን ልለቅ ነው። ማመልከቻውን ጽፌአለሁ። ለማስተማር የተፈጠርኩ አይደለሁም።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 14

ማሙሽ፣

በመጀመሪያ ማመልከቻውን ቅደደው። ከዚያ ቀጥለህ አንብብ።

ለእኔ መናዘዝህ ቀላሉ ነው፤ እኔ እህትህ ነኝ፣ የትም አልሄድብህም። ሥራ ለቅቀህ ብትመጣ ደግሞ እነዚያ ልጆች አንድ ነገር ብቻ ይቀርላቸዋል፤ ጓደኛችንን ጥለን ዝም አልን፣ መምህሩም አፍሮብን ሄደ ብለው ያድጋሉ። ጆሮውን የያዘው ልጅ እጁን ከጆሮው ላይ የሚያነሳለት ሰው ይፈልጋል። ሰማሁ፣ ዘጋሁት፣ እኔ ነኝ በላቸው። አባትየውንም ሄደህ ንገረው፤ እኔ የራሴን ትናንት ነግሬዋለሁ። ስለ ጣቶቿ፣ ስለ ደብዳቤዬም ጭምር። ከቤቴ ወጥቶ ዘመድ ፍለጋ ሄዷል። በሬ ግን ዛሬም ሳይንሻፈፍ ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ። ከልጅቷ ጎን ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊት ተኝተዋል። ግትር ናቸው። ዛሬ ከሰዓት ነጠላ ጫማቸው አልጋ ሥር ገባና ራሳቸው ሊያወጡት እግራቸውን ወደ መሬት ማውረድ ጀመሩ። እኔ ከክፍሉ ማዶ የመድኃኒት ጋሪ ላይ ነበርኩ። "ሲስተር" የሚል ሰማሁ፣ ቀጭን። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩትም፤ ሲጣራ ሰምቼው አላውቅማ። እንደገና "ሲስተር፣ እማማ ሊወድቁ ነው" አለ፣ አሁን ጮክ ብሎ። ጋሪውን እንደተከፈተ ትቼው ሮጥኩ፤ ሌላ ነርስ እንዲህ ብታደርግ ቁም ስቅሏን ነው የማሳያት። አሮጊቷን ያዝኳቸው። እሳቸው ተቆጡ፤ እኔ አለቀስኩ፤ ተማሪ ነርሶቹ ግራ ገባቸው።

ልጅቷ "ስጠራ ሰሙኝ?" አለችኝ። ሰማሁሽ አልኳት። "መጀመሪያውን ነው ወይስ ሁለተኛውን?" አለች። መጀመሪያውን አልኳት። "ሁለተኛው ላይ ነው የመጡት" አለችኝ። ልክ ናት። መጀመሪያውን ስሰማ አንድ ክኒን ቆጥሬ ልጨርስ ብዬ ነበር።

ለራሷ ገና አልጠራችም። ለሌላ ሰው ግን ጠራች። ከዚህ እንጀምራለን።

እህትህ

*

ጥር 20

እታለም፣

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ፤ የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ልጆቹን ነገርኳቸው። ሰሌዳው አጠገብ ሳይሆን መስኮቱ አጠገብ ሄጄ ቆሜ፤ እንዴት አድርጌ እንደዘጋሁት አሳየኋቸው። ጆሮውን የያዘው ልጅ እጁን አወጣና "እኛስ መምህር?" አለኝ። "እናንተ ሕጉን ጠበቃችሁ፤ ሕጉን መጣስ የነበረብኝ እኔ ነኝ" አልኩት። "ልንነግርዎት አስበን ነበር" አለ። እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ከፊት ረድፍ ያቺ ቅጣቱን ያመጣችው ልጅ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ ከግድግዳው ላይ ሕጉን ገነጠለችው። አልከለከልኳትም።

ዳይሬክተሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ማስጠንቀቂያው ልጅቷን ስለበደልኩ አይመስልም፤ ስለተናገርኩ ነው የሚመስለው።

አባትየውን የሚሠራበት ድረስ ሄጄ ነገርኩት። አንስቶት የነበረውን ድንጋይ መልሶ መሬት አስቀመጠው። "እኔ እኮ ቤትዎ መጥቼ..." አለና ተወው። ግድግዳውን አስታውሶ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ጠዋት ልጁን እስከ በሩ ያደርስና ሰላም ሳይለኝ ይመለሳል። የእሱ ቅጣት ሦስት ቀን አይደለም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም። ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳዋለሁ።

ፌንጣ ሰኞ ተመለሰች፤ በሁለት ምርኩዝ። በስልክ እንደመከርሽኝ ከሌሎቹ በፊት ብቻዋን አገኘኋትና ነገርኳት። "መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "አውቃለሁ። እጅዎን አየሁት፤ ጠመኔ ነበረበት" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። እሺም እምቢም አላለችኝ፤ ምርኩዟን እያስተካከለች ወደ ዴስኳ ሄደች።

ስለ ስም ጥሪው ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ። በሌለችበት ጊዜ ሁሉ ስሟን በየቀኑ እጠራ ነበር፣ አብራት የምትቀመጠው ልጅ "ሆስፒታል ናት" ትላለች። ሰኞም ስሟን ስጠራ ያቺው ልጅ በልማድ "ሆስፒታል ናት" አለች። ፌንጣ ዞር ብላ አየቻትና "አለሁ እኮ" አለች። ክፍሉ ሳቀ። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም ነበር። ጠመኔዬን አላነሳሁም።

ሲረጋጉ፣ አዲስ ሕግ ያስፈልገናል፣ የመጀመሪያውን እሷ ትበል አልኩ። ቅጣት የምታወጣብኝ መስሎኝ ነበር፤ ተዘጋጅቼ ነበር። "መስኮቱ አይዘጋም" አለች። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኳት። "አራተኛ ክፍልን እስክንጨርስ" አለች።

አሁን ጥር ነው፣ ነፋሱን ታውቂዋለሽ። ደብተሮቻቸው ላይ ድንጋይ ጭነው ይጽፋሉ። የኋላ ረድፎቹ ሹራብ ደርበው ይመጣሉ፤ የሌለው ካለው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። አቧራው እኔንም እነሱንም ያስነጥሰናል። ዳይሬክተሩ ምን ሆናችሁ ቢል የክፍሉ ሕግ ነው አልኩት። እስካሁን ዝጉልን ያለ ልጅ የለም።

ደጅ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ይዞራሉ፤ ድሮ ቢሆን ሦስት ቀን ያስቀጣ ነበር። እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ በመካከላቸው አልፌ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ወደ ታችም አያለሁ። ፌንጣ እሄድ እንደሆን በዓይኗ ትከተለኛለች። ደወል ስለሌላት ነው መሰለኝ አንዳንዴ እርሳሷን ሆን ብላ በመስኮቱ ትጥለዋለች፤ ለሷም ሄጄ አነሳላታለሁ። አንቺ ‘ሰዓት ስንት ሆነ’ የሚልሽን በሽተኛ አስታውሼ ብቻዬን እስቃለሁ። ያም በሽተኛ ምናልባት ሰዓቱን አልነበረም የሚጠይቅሽ።

ዛሬ ማካፈል እየጻፍኩ ድምፅ ሰማሁና ሄድኩ። ዘበኛው ነበር፣ ከታንከሩ ባልዲውን ሲሞላ። ቀና ብሎ "ምን ፈለጉ መምህር?" አለኝ። ምንም አልኩትና መስኮቱን ክፍት ትቼ ተመለስኩ።

ወንድምሽ